ቋቱ ውስጥ የገባ ጉበት

ዶክተሯ የበድን ሐኪም ናት ቢባል ይቀላል። የሞተ በግ፣ የሞተች ላም፣ የሞተ ፈረስ ሲመጣላት ሆዱን ከፍታ በምን እንደሞተ ትናገራለች። ፀሐይ ሲመታው የሰነበተ በድን ጠረጴዛዋ ላይ ሲዘረገፍ ተማሪዎቿ አፍንጫቸውን ይዘው ወደ በሩ ይሸሻሉ። እሷ ግን እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ፣ «ኑ እንጂ! ሞቷል እኮ፣ አይነክሳችሁም» ትላቸዋለች። ከዚያ በሳሙና ታጥባ ምሳዋን ትበላለች። የሚያውቋት ሁሉ፣ ይቺን ሴት የሚያስጸይፋት ነገር ገና አልተፈጠረም ይሉ ነበር። ተፈጥሮ ኖሯል። የመጣባት ግን ከሆድ ዕቃ ሳይሆን ከወረቀት ነው።

የምታስተምርበት የእንስሳት ሕክምና ክፍል አንዲት ቀጭን መጽሔት ነበረችው። የመሠረቷት የእሷ አስተማሪ ናቸው፤ ሸብታም እንኳ «ጋሼ» ነው የምትላቸው። በወጣትነታቸው፣ ጣት የሚያጠቁር የማባዣ መኪና ፊት ቆመው ራሳቸው አባዝተው፣ ራሳቸው በስቴፕለር መትተው ጀመሯት። በዓመት ሁለቴ ትወጣለች። የሚጽፉባት በየገጠሩ የተበተኑ የእንስሳት ሐኪሞች ናቸው፤ አንዱ በጎቹ ለምን እንደሚያስሉ፣ ሌላው ጥጆች ለምን በአንድ ወንዝ ዳር ብቻ እንደሚያልቁ፣ ያየውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይጽፋል። ጋሼ ጡረታ ሲወጡ የአዘጋጅነቱን ወንበር ለእሷ አስረከቡ። «አደራ ልጄ፣ ያላየነውን አንጽፍም። ሌላ ሕግ የለንም» አሏት።

እንዲህ ሲኖሩ የቋቱ ነገር መጣ።

ሰዉ በአጭሩ «ቋቱ» የሚለው አንድ የውጭ ድርጅት የሚያስተዳድረው ትልቅ የመረጃ ቋት ነው። የትኛው ጥናት የትኛውን ጥናት እንደጠቀሰ ይመዘግባል፤ ግን የሚመዘግበው መርጦ ያስገባቸውን መጽሔቶች ብቻ ነው። ዘንድሮ የገባ መጽሔት ለከርሞ ሊወጣ ይችላል፤ የወጣም ቆይቶ ይመለሳል። ዩኒቨርሲቲው አንድ ጠዋት ማስታወቂያ ለጠፈ፦ ከእንግዲህ ለማዕረግ እድገት የሚቆጠረው ቋቱ ውስጥ ባለ መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ ብቻ ነው። ተረበኞች ወዲያው «ቋት ያልገባ ውሃ አያነሳም» አሉ።

ተረቡ ተረብ ሆኖ አልቀረም። ጽሑፍ ሊሰጧት ቃል የገቡ ሁሉ ቃላቸውን በሉ። አንዱ ባልደረባዋማ ያስረከባትን ጥናት ሊያስመልስ ቢሮዋ መጥቶ፣ «አትቀየሚኝ፣ የመጽሔትሽን ጥሩነት አጥቼው አይደለም፤ ግን ጥሩነት አያሾምም» ብሏት ሄደ። ባሏ እንኳ፣ የዶሮ መኖ የሚያስተምረው የገዛ ባሏ፣ ራት ላይ «ያቺ መጽሔትሽ» ማለት ጀመረ፤ «መጽሔታችን» ሲል የኖረ ሰው። እሱም ማዕረጉ ባለበት ከረገጠ ዓመታት አልፈውታል። ከሱ ኋላ የመጡ ልጆች ቀድመውት ተባባሪ ፕሮፌሰር ተብለዋል፤ በየምረቃው ላይ ከኋላቸው ሲሰለፍ አንገቱ ይሰበር ነበር።

ዶክተሯ ነገሩን በእልህ ያዘችው። ገምጋሚዎች አሰባሰበች፣ ደንብ አረቀቀች፣ ድረ ገጽ አሠራች፤ በእረፍቷ እየተማረች የድረ ገጹን ቀሪ ሥራ ራሷ ጨረሰችው። መጀመሪያ ባመለከተች ጊዜ «አልበቃችሁም» ተባለች። አስተካክላ እንደገና አመለከተች። በመጨረሻ፣ መጽሔቷ ከዚህ ዓመት ጀምሮ ትመዘገባለች የሚል ኢሜይል ደረሳት። ደስታዋ ከመርጋቱ በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቀች፦ የጋሼ ዘመን እትሞችስ? መልሱ አጭር ነበር። ወደ ኋላ አንሄድም።

ለጋሼ ልትነግራቸው ሄደች። በረንዳቸው ላይ ጋቢ ደርበው ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

«እንኳን ደስ አለሽ» አሏት። ከዚያ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ፣ «አሁን ደግሞ ዝንቡን ጠብቂው» አሉ።

ዝንቡ ሳይውል ሳያድር መጣ። ኮሪደር ላይ ፊታቸውን ያዞሩባት የነበሩ ሁሉ እቅፍ አድርገው የሚስሟት ሆኑ። ጽሑፉን ያስመለሰው ያ ባልደረባዋ፣ «እኔ እኮ ድሮም አምንብሽ ነበር» እያለ ሦስት ጽሑፍ ይዞ ከተፍ አለ። ከሁሉ የባሰው ዲኑ ነበር። ዲኑ በዕድሜ ያንሳታል፤ ሽቶው ከሱ ቀድሞ ክፍል የሚገባ፣ ሰው ሲያናግር የሸሚዙን እጅጌ የሚጎትት ሰው ነው። በአንድ ስብሰባ ራሱን የመጽሔቷ የበላይ ጠባቂ አደረገና መጽሔቷ በየወሩ ትወጣለች ብሎ ወሰነ።

«በየወሩ የሚወጣ ጥናት ከየት ይመጣል?» አለችው።

«ዶክተር፣ እርስዎ አያስቡ። ይመጣል። ጊዜዎን እንዳንሻማብዎ ግምገማውንም ሌሎች ያግዙዎታል» አለ፣ እጅጌውን እየጎተተ።

እውነትም መጣ። እንደ ጎርፍ ነው የመጣው። ስለ አስፋልት፣ ስለ ባንክ ብድር፣ ስለ ጥርስ ሽቦ፣ ምንም እንስሳ የሌለበት ጽሑፍ በእንስሳት መጽሔት ላይ ይወጣ ጀመር። ገምጋሚ የተባሉት «እጅግ ግሩም ሥራ ነው» ከሚል ሌላ ቃል አልነበራቸውም። የአንዱ ጽሑፍ ጸሐፊዎች ደግሞ አምስት ሲሆኑ አምስቱም የማይተዋወቁ፣ አንዱ መሐንዲስ፣ አንዱ የሒሳብ ሰው፣ አንዱ ነርስ ነበሩ። እንዴት ተገናኙ ብላ ስትጠይቅ አንድ ወጣት መምህር ሳቀባት። «እትዬ፣ ስም ማስገቢያ ቦታ ይሸጣል እኮ። እንደ አውቶቡስ ወንበር ነው፤ መስኮት ዳር ይወደዳል።»

ዶክተሯ ተቃውሞዋን ጽፋ አስገባች። የተቀበላት የለም። ልልቀቅ ብላ አሰበች፤ ደግሞ የጋሼ አደራ ያዛት። ሁለት ልብ ሆና እየዋለች ሳለ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሳታየው የወጣ አንድ እትም ኮምፒውተሯ ላይ ከፈተች። አንዱ ጽሑፍ ስለ ግመል የጉበት ትል ነው። የራሷ ሙያ ነውና ደስ ብሏት ልታነብ ጀመረች።

ሁለት መስመር አልሄደችም፣ ቆመች። «የደም ሥራሥሮች አብጠው ታይተዋል» ይላል። ምን ማለት ነው? ዝቅ ስትል «የምሬት ጆንያው በፈሳሽ ተወጥሯል» ይላል። ይኼኛውን ጮክ ብላ አነበበችው፤ ከዚያ ገባት። ከሌላ ሰው ጥናት ገልብጠው፣ ቅጂነቱ እንዳይታወቅ በማሽን ቃል በቃል አስለውጠውታል። የደም ሥሩ ሥራሥር ሆኖ በቀለ፤ የሐሞት ከረጢቱ የምሬት ጆንያ ሆነ። ግመል ደግሞ ሲፈጥረው የሐሞት ከረጢት የለውም! በግ አለው፣ ላም አላት፣ ግመል የለውም። ይህን በመጀመሪያው ዓመት ፈተና ላይ የሳተ ተማሪ እሷ ዘንድ አያልፍም።

ወደ ፎቶው ወረደች። ጉበቱ ከነሐሞት ከረጢቱ ተኝቷል። በግራ ጫፉ ላይ የተቆረሰ እንጎቻ የሚመስል ጠባሳ አለ፤ ከሥሩ በቢላ የተሰነጠቀ ቱቦ ውስጥ ሁለት ትሎች ተጣጥፈው ይታያሉ። ይህን ጉበት ታውቀዋለች። ግራና ቀኙን አገላብጠውት ነው እንጂ ያነሳችው እሷ ናት፤ ተማሪ ሳለች፣ ቄራ ውስጥ፣ ከአንዲት ከሲታ በግ። የመመረቂያ ጽሑፏ ውስጥ አለ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ባትሪ የያዘላት ያኔ ገና ልቧን ይፈልግ የነበረ አንድ ጎረምሳ ነው። ሽታው አልቻለውም፤ ወጥቶ አስመለሰ። ከዚያ አፉን ጠርጎ ተመልሶ ገባና ባትሪውን ያዘ። ያገባችውም ተመልሶ ስለገባ ነው።

የጸሐፊዎቹን ስም አየች። አምስት ናቸው። ሦስተኛው የባሏ ስም ነው፣ ከነአያቱ።

ቤት ስትደርስ ባሏ ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ይከትፍ ነበር። ያተመችውን ገጽ ከመክተፊያው አጠገብ አስቀመጠችለት።

«ወጣ እንዴ?» አለ፣ ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ። «በሚቀጥለው ወር ነበር ያሉኝ።»

«እነማን ናቸው ያሉህ?»

«ሰዎች አሉ። የማያውቃቸው ሰው የለም፣ አንቺ ብቻ ነሽ የማታውቂው።»

«ግመል ከፍተህ ታውቃለህ?»

«እንዴ፣ ምርመራ ነው እንዴ?»

«ጠየቅኩህ።»

«አልከፈትኩም። የመጀመሪያው ሰውዬ ከፍቷል መሰለኝ።»

«መሰለኝ? ግመል የሐሞት ከረጢት የለውም እኮ። እዚህ አለው።»

ቢላውን አስቀመጠ። «አንድ ስሕተት ይገኛል፣ ሰዎች ነን። ደግሞስ ማን ያነበዋል ብለሽ ነው? ለመነበብ የተጻፈ መሰለሽ? ስሚኝ፣ ስንት ዓመት ነው እኔ እነዚህን ሕፃናት “ፕሮፌሰር” እያልኩ የምጠራው? አንቺ ቋቱን በላብሽ ከፈትሽው፣ አገሩ ሁሉ ገባበት። የባለቤቲቱ ባል ብቻ ውጭ ይደር?»

«ፎቶውን እየው።»

«አየሁት።»

«ደህና አድርገህ እየው።» አጠገቡ ቆማ ጠበቀችው። ካስታወሰው፣ ብቻ ካስታወሰው፣ ግማሹን ይቅር እለዋለሁ ብላ በልቧ ቆርጣ ነበር።

ወረቀቱን አነሳ፣ ወደ መብራቱ አስጠጋ። «ጉበት ነው» አለ። «ጉበት ጉበት ነው።»

ነገረችው። የቄራውን፣ የበጓን፣ የባትሪውን ነገር ረጋ ብላ ነገረችው። ፊቱ ፈካ ሲል ያለፈው ዘመን ትዝ ያለው መሰላት።

«ታዲያ እንኳንም ያንቺ ሆነ!» አለ። «የቤታችን ከሆነ ማን ይከሰናል?»

የዶክተሯ አፍ ውስጥ ምራቅ ሞላ። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያስመልሳት ሲል ተሰማት። መታጠቢያው ላይ ተደግፋ ቧንቧውን ከፈተች፤ የወጣላት ነገር አልነበረም። ከኋላዋ የሽንኩርቱ ክትፊያ ቀጠለ።

በማግስቱ ወደ ጋሼ ሄደች። የባሏን ስም ሳትደብቅ ሁሉን ነገረቻቸው። ሽማግሌው ብዙ አላሰቡም። «በድን ሲከፈት ይሸታል። ሳይከፈት የቀረው ግን መንደሩን ይጨርሳል። አንቺ ከፋች ነሽ፤ ሌላ ሙያ አላስተማርኩሽም» አሉ። እጃቸውን ስማ ወጣች።

ቋቱን ለሚያስተዳድሩት ሰዎች ጻፈች። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አደረገች፣ የምሬት ጆንያውን አሰመረችበት፣ አስፋልቱንና የጥርስ ሽቦውን ጨመረች። ጉዳዩ ከመጣራቱ በፊት ወሬው ዲኑ ጆሮ ደረሰ። አስጠራት።

«ዶክተር፣ የገዛ ልጅዎን እንዲህ ያንቃሉ?» አለ። ዛሬ እጅጌውን አልጎተተም።

«ልጄን እናንተ ናችሁ የሸጣችኋት።»

«የመቶ ሰው እንጀራ ነው የሚዘጉት! የባልዎም አለበት፣ ያውቃሉ?»

«ከርስዎ በፊት አውቃለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮሪደሩ እንደገና ፊቱን አዞረባት። የመምህራን ሻይ ቤት ስትገባ የነበረው ጨዋታ ይቋረጣል። «በባሏ እድገት ቀንታ ነው» አሉ። «ጥናት መሥራት ሲያቅታት ነው» አሉ። ያ ጽሑፉን አስመልሶ ደግሞ ይዞ የመጣው ሰው፣ ደረጃ ላይ ሲያገኛት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የእኔን ሦስቱን ብቻ ለይተሽ ብትነግሪያቸው፣ እነሱ ንጹህ ናቸው» አላት። «ንጹህ» ሲል ዓይኑን እንኳ አልሰበረም።

ውሳኔው ከወራት በኋላ መጣ፦ መጽሔቷ ከቋቱ ተሰናብታለች። ዶክተሯ ኢሜይሉን ስታነብ ከበድ ያለ ኀዘንና ትንሽ እፎይታ አብረው ያዟት። የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ስትደርስ ግን እንደገና አነበበችው። ከዛሬ ጀምሮ የሚወጣ ጽሑፍ አይመዘገብም፤ እስከ ዛሬ የገባው ግን እንዳለ ይቆያል።

እንዳለ ይቆያል! ተነስታ መስኮቱን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ከመግባቷ በፊት ያለው የጋሼ ዕድሜ ሙሉ፣ የዚያ ሁሉ የገጠር ሐኪም ድካም፣ ቋቱ ውስጥ የለም። ከእንግዲህ በንጽሕና የሚወጣውም አይገባም። መጽሔቷን ዓለም የሚያውቃት በጎርፉ ጊዜ ብቻ ነው፤ ደፍርሳ ሳለች ፎቶ እንደተነሳች ወንዝ። የግመሉ ጉበት ከነጆንያው ተመዝግቦ ይኖራል። ስትፈልግ ደግሞ አገኘችው፤ ሌሎች ሰዎች ይጠቅሱት ጀምረዋል። አንዱ ጸሐፊ ስለ ግመል ሐሞት ከረጢት ሕመም ረጅም ጥናት ጽፎ የባሏን ስም በዋቢነት አስቀምጧል።

ዲኑ አንድ ቀን እንኳ አልደነገጠም። ስሙን ከመጽሔቷ ድረ ገጽ አስነሳ፣ «የጥራት አጣሪ ኮሚቴ» አቋቋመና ራሱ ሰበሰበው። የማዕረግ አስመዝጋቢው ቢሮ ደግሞ ደንቡን አየ፤ ጽሑፉ በወጣበት ጊዜ መጽሔቷ ቋቱ ውስጥ ነበረች፣ አሁንም ጽሑፉ እዚያው አለ። ስለዚህ ይቆጠራል። ባሏ ተባባሪ ፕሮፌሰር ሆነ።

እሑድ ቤት ውስጥ የምሳ ግብዣ ተደረገ። ዶክተሯ አልደግስም አለች፤ ባሏ ምግቡን ከሆቴል አስመጣ። እንግዶቹ መጡ፤ ዲኑም መጣ፣ ሽቶው ቀድሞት። ብርጭቆ አነሳና፣ «ለአዲሱ ፕሮፌሰራችን! ከሁሉ በላይ ግን መጽሔቷን በእናትነት እዚህ ላደረሱልን ዶክተር!» አለ። ሁሉም አጨበጨበ። እነዚያው አፋቸው ሐሜት የሚያኝክ ሰዎች ናቸው፤ በዚያው አፍ የእሷን ቤት ሥጋ እያኘኩ አጨበጨቡላት። ከንፈራቸው በቅባት ያብለጨልጫል። ባሏ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ፣ ፈገግ በይ እንጂ የሚል ዓይን ላከባት።

ሰውነቷ ላይ ቆሻሻ የደፉባት ያህል ተሰማት። የበሰበሰ በድን ምን አላት? በድን አያጨበጭብም። መኝታ ቤት ገብታ አንድ ሻንጣ ሞላች፣ በእንግዶቹ መሐል አልፋ ወጣች። «ወዴት ነው?» ያላት አንድም ሰው አልነበረም፤ ዲኑ ብቻ መንገድ ለቀቀላት።

ታላቅ እህቷ ልብስ ሰፊ ናት። ቤቷ ቁርጥራጭ ጨርቅ ያልረገጠ እግር አይገባበትም። ሻንጣውን አይታ የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«መታሽ?»

«አልመታኝም።»

«ሴት ያዘ?»

«የለም።»

«መጠጥ ጀመረ?»

«ሻይ እንኳ አያበዛም።»

«ታዲያ ምን አደረገ?»

«ያልከፈተውን ግመል ከፈትኩ ብሎ አሳተመ።»

እህቷ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለች። «ለግመል ነው ቤትሽን ጥለሽ የመጣሽው?»

ዶክተሯ ልታስረዳት ሞከረች። አንቺ የሰፋሽውን ቀሚስ አንዱ ሰርቆ፣ ገልብጦ አልብሶ፣ እኔ ነኝ የሰፋሁት ቢል ምን ትያለሽ አለቻት። እህቷ ጥቂት አሰበችና ሳቋ አመለጣት።

«እኔስ አድርጌው የለ! አንዷ ደንበኛዬ የሌላ ሰፊ ሥራ ይዛ መጥታ፣ “ይሄን ያማረ ቀሚስ አንቺ ነሽ አይደል የሰፋሽልኝ” ስትለኝ፣ አዎ አልኳት።»

«አንቺም?»

«ቀሚሱ ያምር ነበራ!»

ዶክተሯ ሳትወድ ሳቀች። ስትስቅ ቆይታ ሳቁ መሐል ላይ ተቆረጠባት፤ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እህቷ ያኔ መጠየቋን ተወች። ጨርቁን ከሶፋው ላይ ሰብስባ አልጋ አነጠፈችላት።

ያሰበችው ለጥቂት ቀን ነበር፤ ከረመች። መጽሔቷን ወደ ጥንቱ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ መለሰቻት። እትሟ ከበፊቱም ቀጠነ፤ ጽሑፍ የሚልኩላት ማዕረግ የማይፈልጉ ጥቂት የገጠር ሐኪሞች ብቻ ናቸው። እነሱንም በስፌት መኪናው ጠረጴዛ ጥግ ላይ፣ መርፌና ክር ገፋ አድርጋ ታርማለች። የግመሉ ጽሑፍ ይሰረዝ ብላ ለድርጅቱ ደጋግማ ጻፈች፤ «ጉዳዩ እየታየ ነው» ይሏታል።

ባሏ አንዳንዴ ይደውላል። ቤቱ ጭር እንዳለበት፣ የወጥ ቤቱ ቧንቧ እንደሚያንጠባጥብ ይነግራታል። በቀደም ዕለት፣ «መቼ ነው የምትመለሺው?» አላት።

«ጽሑፉን ራስህ አሰርዘው። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ሐሰት ነው ብሎ ከጻፈ ቶሎ ይሰረዛል። ያን ቀን እመጣለሁ።»

«ካሰረዝኩት ማዕረጉስ?»

«ማዕረጉማ ይቀራል።»

«እሺ፣ አስብበታለሁ» አለ።

እያሰበ ነው።